ያልተቆጠረው ሣጥን

ድሬ ዳዋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሣህሉ፣ ማርሴይ።

እግዚአብሔር ከባሕሩም ከብርዱም ይጠብቅህ። እኔ አጎትህ ወልደ ማርያም፣ ሚስቴ በለጠችና ልጄ የሺአረግ ደኅና ነን። የድሬ ሙቀትም ደኅና ነው፤ ምን ይሆናል ብለህ! በመርከበኛ የላክኸው ፎቶግራፍ በፋርቱን እጅ ደረሰን። በለጠች «ከስቷል» ብላ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ካፖርትህን አይቼ «ፍራሽ ነው የለበሰው?» ብዬ ሳቅሁ። ፋርቱንን መቼም አትረሳትም፤ ከቀፊራ ገበያ አትክልት እየጫነች በባቡር ጅቡቲ የምትመላለሰው ጎረቤታችን ናት። ከእንግዲህ ደብዳቤህን ጅቡቲ ባለው አድራሻዋ ላከው፤ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር ከትቼልሃለሁ። በፖስታ ቤት በኩል የሚመጣውን መንገድ ላይ ብዙ ሰው ሰላም ሲለው ይቆያል።

«ሳልሰናበት ስለሄድኩ ይቅር ይበሉኝ» ብለህ አሁንም ጽፈሃል። ሰባት ዓመት ሆነው እኮ፣ አቦ! አልተቀየምሁም፤ ስለዚያ ቀን አንጻጻፍ። ደግሞስ «ይበሉኝ» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ድሬ ተወልዶ፣ ድሬ አድጎ አጎቱን አንቱ የሚል ካንተ በቀር አላየሁም። ፈረንሳዮቹ ናቸው ያበላሹህ? እንደ ድሮው አንተ በለኝ።

አሁን ጉዱን ልንገርህ። ባለፈው ወር ከጅቡቲ አንድ የብረት ቤት ፉርጎ ላይ ተጭኖ መጣልን። በር አለው፣ መስኮት የለውም። ኮንቴይነር ነው የሚሉት፤ አንተ ወደብ ስለምትሠራ አይተህ ሳትሰለቸው አትቀርም። እኔ ግን ዞርኩት፣ አንኳኳሁት፤ ውስጡ ያለውን ማወቂያ መንገድ የለውም። የጫኞቹ አለቃ ሮብሌ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ «ወልዴ፣ ይሄማ መቃብር ነው» አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በለገሃር መጋዘን እንዴት እንደምቆጥር ታውቃለህ። ጫኞቹ ጆንያውን ተሸክመው በፊቴ ያልፋሉ፣ ሮብሌ በሶማሊኛ ይጠራል፣ እኔ በእርሳስ አሰምራለሁ። የመጀመሪያውን «አንድ» አይለውም፣ «ቢስሚላ» ነው የሚለው፤ ከዚያ ላባ፣ ሳዴህ እያለ ይቀጥላል። የእሱና የእኔ ቁጥር ካልገጠመ ጭነቱ እንዳለ ተመልሶ እንደገና ይቆጠራል። ዓይኔ ያላየውን ዕቃ ተረከብኩ ብዬ አልፈርምም። ያንን የብረት ቤት ግን አራት ሰው ብቻ አወረደው። የቀሩት ሃያ ጫኞች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እያዩ ዋሉ።

ለጡረታ አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ። እሷን በሰላም ከጨረስኩ ለራሴ ሌላ አልመኝም። ስለ የሺአረግ ግን ላስቸግርህ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥቧ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ እቤት ተቀምጣ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች። እንደምንም ብለህ ወደዚያ ውሰዳት። እዚህ ለእሷ የሚሆን ነገር አይታየኝም።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።
አጎትህ ወልደ ማርያም

ማርሴይ፣ ኅዳር 18 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ፣ ለጋሽ ወልደ ማርያም፣

ለአንተም፣ ለእትዬ በለጠችም፣ ለየሺአረግም አምላክ ሙሉ ጤና ይስጥልኝ። እነሆ «አንተ» አልኩህ፤ እጄ ግን እየፈራ ነው የጻፈው። የፋርቱን አድራሻ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ፖስታው ውስጥ አልነበረችም። ሳትከታት ረስተህ ይሆናል። ስለዚህ ይህን በተለመደው ፖስታ መላክ ግድ ሆነብኝ፤ የምነግርህ ነገር አስቸኳይ ስለሆነ መንገዱን እንዲያፈጥነው እጸልያለሁ።

ጋሼ፣ ስለዚያ ሣጥን ነው። እዚህ ማንም ሰው ውስጡን አይቆጥርም። ዕቃው ላኪው ግቢ ውስጥ ይጫናል፣ በሩ ይዘጋል፣ ቁጥር የተጻፈባት የቆርቆሮ ማሸጊያ ይደረግበታል። ከዚያ ወደብ መጥቶ ወደ መርከቡ ከመግባቱ በፊት ከነመኪናው ይመዘናል። ቴሌቪዥን የሚመስል ኮምፒዩተር የሚባል መሣሪያ ፊት የተቀመጠች ሴትዮ የሣጥኑን ቁጥር፣ የማሸጊያዋን ቁጥርና ክብደቱን ትጽፋለች። በቃ። እናንተ ዘንድ ሲደርስ የሚታየው ማሸጊያዋ አለመነካቷ፣ ቁጥሯም ከወረቀቱ መግጠሙ ብቻ ነው። የጉምሩክ ሰውና የዕቃው ባለቤት ባሉበት ካልሆነ በቀር ማሸጊያዋን የቆረጠ ሰው ለጎደለው ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል። አንተን ስለማውቅህ ነው የምለምንህ፤ እባክህ እንዳትነካት።

ለየሺአረግ እኔም አስባለሁ፤ ግን ትንሽ ትቆይ። እዚህም ነገሩ ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራም አለ።

እግርህን ስሜአለሁ።
ሣህሉ

ድሬ ዳዋ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሣህሉ ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

እኔስ ሰላም አይደለሁም። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ፊደሉን አይተህ አትሳቅብኝ። ለጥቅምቱ ደብዳቤዬ መልስ አላየሁም። ተቀይመህ ይሁን ታመህ አላውቅም። ቢሆንም ይህን የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ታኅሣሥ 3 ቀን ለአንድ ፋብሪካ መለዋወጫ የያዘ ኮንቴይነር ገባ፤ እዚያው ካንተ ከተማ የተጫነ ነው። ወረቀቱ «ስድስት መቶ አርባ ካርቶን» ይላል። አዲሱ አለቃችን ጓድ ተማም ልጅ እግር ነው፣ ክፉ ሰውም አይደለም። ወረቀቱን ይዞ መጣና «ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስድስት መቶ አርባ ካርቶን ተረክቤአለሁ በል።»

«የታለ ካርቶኑ?»

«ውስጥ ነዋ!»

«አየኸው?»

«እኔማ የት አየዋለሁ? ታሽጎ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው እኔም አላየሁትም።»

ሳቀ። የጉምሩክ ሰው ሊያመጣ ሄዶ እዚያው ቆየ። እኔ ጉጠቴን አወጣሁና ማሸጊያዋን ቆረጥኳት። ድሮስ ፉርጎ ሲመጣ የእርሳስ ማኅተሟን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም? በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለምን ቆረጥክ ያለኝ ሰው የለም። በሩን ከፈትኩት፣ ሮብሌን ጠራሁት። «ቢስሚላ!» ብሎ ሲጮህ ጫኞቹ ከጥላው ተነሥተው ሲሮጡ ብታይ! ሥራ የራባቸው ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆጠርን። የእኔና የሮብሌ ቁጥር ገጠመ። አላመንኩም፣ እንደገና አስቆጠርኩ። አሁንም ያው ነው።

ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት።

እኔም እንዳየሁት ጻፍኩ። «ሁለት ካርቶን ጎድሏል» ብዬ ከሥሩ ፈረምኩ።

ጓድ ተማም ሲመለስ የተከፈተውን በር አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ምን አደረግህ፣ ጋሽ ወልዴ! ማሸጊያዋ በደንቡ ተከፍታ ቢሆን የጎደለው የላኪው ነበር። አሁን ያንተ ሆነ» አለኝ። ነገሩ አልገባኝም። ጎደለ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ! የሰረቀ ሰው ጎደለ ብሎ ይጽፋል?

ከሥራ ታግጃለሁ። ሚያዝያ 20 ቀን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ከመካከላቸው አንዱ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የምትል ቃል ወረቀቱ ላይ አስገብቷል። ያቺ ቃል ሰውን ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ጡረታዬም ስሜም በእሷ ተንጠልጥለዋል።

ጸልይልኝ።
አጎትህ ወልደ ማርያም

ሣህሉ፣ የሺአረግ ነኝ። ፖስታውን ላሽግ ተቀብዬ ነው ይህችን የጨመርኩት፣ አባዬ አላየም። ከቤት መውጣት ትቷል። ሰው ሰላም ሲለው «ከሌባ ጋር ምን ያነጋግርሃል?» ይላል። የቆረጣትን ማሸጊያ እንደ ልማዱ ከቆጠራ ወረቀቱ ግልባጭ ጋር በሲባጎ አስሮ ትራሱ ሥር ያስቀምጣታል። ማታ ማታ ያወጣታል፣ ያያታል፣ ይመልሳታል። እባክህ ጻፍለት። የፋርቱን አድራሻ በፖስታው ጀርባ አለልህ።

ማርሴይ፣ ጥር 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

መድኃኔ ዓለም ያጽናህ። ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። በኅዳር የጻፍኩልህ ቀድሞ ደርሶህ ቢሆን ኖሮ! ምን እንደምል አላውቅም። ለጉዳይህ ማስፈጸሚያ የሚሆን አምስት መቶ ፍራንክ በፋርቱን በኩል ልኬአለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው ያሳጠርኩት።

ሣህሉ

ድሬ ዳዋ፣ የካቲት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለሣህሉ።

ጤና ይስጥልኝ። ገንዘብህ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥህ። ግን ልንገርህ፣ ተናድጃለሁ። እኔ ገንዘብ ጠየቅሁህ? ይሄ ሥራ የበዛበት ሰው ደብዳቤ አይደለም። እናትህ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፤ የምትደብቀው ነገር ሲኖር እንዴት ቁጥብ እንደምትሆን አውቃለሁ። የምትደብቀው ምን እንደሆነ ባላውቅም እየደበቅኸኝ ነው። ገንዘቡን ለየሺአረግ የታይፕ ትምህርት ከፈልኩበት። ቢያንስ ከእናቷ ጋር መጨቃጨቁ ቀንሷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የኅዳሩ ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰ! ሦስት ወር ከሳምንት። ተከፍቶ በሙጫ ተመልሶ ተለጥፏል፤ ያነበበው ሰው እንኳ ስለ ሣጥን ብቻ መሆኑን ሲያይ ሳያዝን አልቀረም። «እባክህ እንዳትነካት» የምትለው ላይ ስደርስ ራሴን በጥፊ መታሁ፤ በለጠች ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። የፋርቱንን አድራሻ የጻፍኩባትን ቁራጭ ወረቀት ደግሞ የት እንዳገኘኋት ልንገርህ? ኮቴ ኪስ ውስጥ። ዕድሜውን ሁሉ ሲቆጥር የኖረው ሰውዬ አንዲት ወረቀት ፖስታ ውስጥ መክተት አቃተው!

ከዚያ ግን አንድ መስመር ያዘኝ። «ወደ መርከቡ ከመግባቱ በፊት ከነመኪናው ይመዘናል» ትላለህ። ይመዘናል! ይህን ብሎ ዝም ይባላል እንዴ፣ አቦ? ተመልከት። አንዱ ካርቶን ሃያ አምስት ኪሎ ነው። ስድስት መቶ አርባው አሥራ ስድስት ሺህ ኪሎ። ባዶው ሣጥን በሩ ላይ እንደተጻፈው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ድምሩ አሥራ ስምንት ሺህ ሦስት መቶ። ሁለቱ ካርቶኖች እዚያው ሳይጫኑ ቀርተው ከሆነ የመኪናው ክብደት ሲቀነስ ሚዛኑ አሥራ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ማለት አለበት።

ያቺን የሚዛን ወረቀት ፈልግልኝ። ገንዘብ አትላክ፣ የሺአረግንም ለጊዜው ተዋት። የምለምንህ ያቺን ወረቀት ብቻ ነው። የሣጥኑና የማሸጊያዋ ቁጥር ከታች አለልህ፤ ማሸጊያዋ እጄ ላይ ስላለች ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ሚያዝያ 20ን አትርሳ።

አጎትህ

ማርሴይ፣ መጋቢት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን! መጀመሪያ ወረቀቱን ተመልከተው፣ ከዚህ ጋር ነው ያለው፤ ከዚያ ተመልሰህ የእኔን ወሬ አንብብ።

አየኸው? አሥራ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ። ጋሼ፣ ጣራህ ሥር ቁጭ ብለህ በእርሳስ የደረስክበትን ቁጥር ነው የብረቱ ሚዛን ከመርከቡ በፊት የተናገረው።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ፤ ልክ ነህ፣ ደብቄህ ነበር። «ሥራም አለ» ያልኩህ ውሸት ነው። እኔም ጫኝ ነበርኩ። በመስከረም መቶ አርባ ሰው በአንድ ቀን ሲሰናበት አንዱ እኔ ነኝ። ያባረረን ደግሞ ያው ሣጥን ነው። አንተ የሮብሌ ጫኞች ጥላ ሥር ተቀምጠው ዋሉ ብለህ የጻፍከውን እኔ ካፌ በር ላይ ቆሜ ነበር ያነበብኩት፣ ለመግባት ሳንቲም አልነበረኝም። አምስት መቶውን ፍራንክ ካፖርቴን ሸጬና ተበድሬ ነው የላክሁት። «ውጭ ሀገር ያለው ልጃችን» የምትሏትን ቃል ከእጃችሁ ለመንጠቅ አፈርኩ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ወደ ወደቡ ተመለስኩ። የሚዛን ቢሮዋ ሴትዮ በዕድሜ የገፋች፣ ቁጡ ናት፤ «ሠራተኛ ካልሆንክ ወረቀት አይሰጥም» ብላ መስኮቱን ልትዘጋብኝ ነበር። የታኅሣሡን ደብዳቤህን አውጥቼ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ፊደሉን ስታይ ተገረመች፤ እኔም በፈረንሳይኛ ተረጎምኩላት። «ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት። እኔም እንዳየሁት ጻፍኩ» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሯን አወለቀች። «ሁሉንም በእጅ ቆጠረው?» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ» አልኳት። ቁጥሩን መታችው። ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀም! መሣሪያው እየጮኸ ዳር ዳሩ የተበሳሳ ወረቀት ተፋ። የማሸጊያዋ ቁጥርም እላዩ ላይ አለ። መስኮቱ ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ ሳላፍር ነው የምነግርህ። ሴትዮዋ ራሷ ለድሬ ዳዋ ጉምሩክ ቴሌክስ እንዲመታ አለቃዋን አስፈቀደችልኝ።

ስወጣ ጠራችኝ። ለተሰናበቱ ሠራተኞች በዚያው ኮምፒዩተር ላይ የሚሰጥ የአራት ወር ትምህርት አለ፤ «የአጎትህ ዓይን ካለህ ተመዝገብ» አለችኝ። ሚያዝያ ላይ እጀምራለሁ። ያባረረኝን ሣጥን አሠራሩን ልማር ነው።

ይህ በፋርቱን እጅ ስለሚመጣ አንድ ነገር ልጨምር። በ71 ዓ.ም. የወጣሁት በቡና ፉርጎ ውስጥ ተደብቄ ነው። ማንም ሳያየኝ ገባሁ፣ በሩም በላዬ ታሸገ። የፉርጎው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት በጣት ልክ ክፍት ባትሆን ኖሮ ጅቡቲ በሕይወት አልደርስም ነበር። እግዜር ነው የከፈታት እያልኩ እኖራለሁ። አንተን ሳልሰናበት መሄዴ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ልጅህ ሣህሉ

ድሬ ዳዋ፣ ግንቦት 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሉ፣

ያሳደገህ ጌታ ከፍ ያድርግህ፤ ሥራህን ይባርክልህ፣ ካፖርትህንም ይመልስልህ!

ሚያዝያ 20 ቀን፣ ሰኞ፣ ቀረብኩ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ያ «አሻጥር» የምትለዋን ቃል የሚወዳት ሰውዬ መጀመሪያ ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ ሰው ሳይገባኝ ጨረሰ። ከዚያ ጓድ ተማም ቴሌክሱን አነበበ። «ይህ ወረቀት ስለዚያ ሣጥን መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉ። እኔም ተነሥቼ ከኪሴ ማሸጊያዋን ከነሲባጎዋ አወጣሁ። ቁጥሯን ከቴሌክሱ ጋር አስተያዩ፤ ገጠመ። ሰብሳቢው «ይህችን ቆርቆሮ ለምን አስቀመጥካት?» ሲለኝ «ሠላሳ አንድ ዓመት የቆረጥኳቸውን ሁሉ አስቀምጫለሁ፤ ከፈለጋችሁ እቤት ሁለት በርሜል አለ» አልኩት። ሳቁ። ለጎደለው ነጻ ነህ፣ ያለ ደንብ ለመቁረጥህ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሃል አሉኝ። እሷን ተቀበልኩ፤ ጥፋቴ ናት።

ወጥቼ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ብቻዬን ተራመድኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ ሰላም አልኩ። አምስት ወር ያልወጣ አየር ከደረቴ ወጣ።

ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ መጋዘኑ ግን የድሮው አይደለም። ከሃያ አራቱ ጫኞች ዘጠኙ ቀርተዋል። ሌሎቹ እንዳንተ ተሰናብተዋል፤ ሁለቱ ቢዮ አዋሌ መንደር ገብተው ፍየል ይነግዳሉ፣ የቀሩት ገና ሥራ ይፈልጋሉ። ይህን ሳልነግርህ ደስታዬን ብቻ ብጽፍልህ ውሸት ይሆናል። ሮብሌ ግን ጉድ ነው! የማንሻ መኪና መጣና «ማን ይማራል?» ሲባል በዚያ ዕድሜው እጁን አወጣ። አሁን ይነዳዋል። ሣጥኑን ባነሣ ቁጥር «ቢስሚላ» ይላል፤ ከእሱ ወዲያ ግን የሚቆጥረው የለውም።

ጓድ ተማም የሣጥንና የማሸጊያ ቁጥር መዝግቦ፣ ቴሌክስ እየመታ ከጅቡቲ ጋር የሚያስተያይ ሰው ሲፈልግ ማንም በፈረንጅ ፊደል ታይፕ የሚመታ አልተገኘም። ማን ተገኘ መሰለህ? የሺአረግ! ተፈትና ነው የገባችው፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። በሳምንቷ አንድ ማሸጊያ ቁጥሯ አልገጥም ብሎ አቆመችው። «አባዬ፣ ዘጠኙ ላይ ጥርጣሬ አለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተፍቃ የተጻፈች ናት። እንግዲህ «ወደዚያ ውሰዳት» ያልኩህን ሰርዘው። አሁን ከዓለም ሁሉ ጋር የምትጻጻፈው ከዚሁ ከለገሃር ሆና ነው።

ጡረታ እስክወጣ ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። የማላየውን ዕቃ እንድፈርም ይጠብቁኛል። ለጊዜው ጓድ ተማም በእኔ ፋንታ ይፈርማል።

አጎትህ

ማርሴይ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዐዲሱ ዓመት በጤና ይግባላችሁ። ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ሥራም ሰጡኝ። ሣጥን ሲጫንና ሲታሸግ ላኪዎቹ ግቢ ድረስ ሄጄ አያለሁ፣ ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ላይ አስገባለሁ። በደመወዜ መጀመሪያ የገዛሁት ምን እንደሆነ ለእትዬ በለጠች ንገርልኝ፤ ካፖርት ነው።

ወደ እናንተ የሚመጣ አንድ ሣጥን በዚህ ሳምንት ይጫናል፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን በካርቶን የታሸገ ደብተር ነው። ሲደርስ እባክህ በሩ አጠገብ ሁን።

ሣህሉ

ድሬ ዳዋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሉ፣

ይህን በፋርቱን እጅ ነው የላክሁት። አንብበህ ስታበቃ ቅደደው።

ሣጥንህ ትናንት ደረሰ። ሮብሌ በማንሻው አወረደው። የሺአረግ መዝገቧን ይዛ ማሸጊያዋን ጎንበስ ብላ ስታይ ድንገት ጮኸች። «አባዬ ና! አባዬ ቶሎ ና!» የሰረቁን መስሎኝ ሮጥኩ። ከበሩ መያዣ ሥር፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ በነጭ ቀለም፣ በገዛ ፊደላችን ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ሲጫን ቆሜ ቆጥሬዋለሁ። ዘጠኝ መቶ። ሣህሉ።»

ጓድ ተማም አነበበውና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ሮብሌ ከመኪናው ሳይወርድ «ፈርም እንጂ፣ ወልዴ! ልጁ ቆጥሮት የለ?» ብሎ ጮኸ። ዓይኔ ቀለሙ ላይ ነበር። ያንተን «ሣ» አውቃታለሁ፤ ገና ስትማር ጀምሮ አንዷን እግር ታስረዝማለህ።

አንድ ነገር አለብኝ፣ ዛሬ ልንገርህ። ባቡሩ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ዳግም መሄድ በጀመረ ሰሞን አንድ የቡና ፉርጎ ቆጥሬ ነበር። ሁለት መቶ ጆንያ። ልዘጋው ስል ከጥጉ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ፣ የጫማ ጫፍ ታየኝ። ጫማውን አወቅሁት፤ ለፋሲካ የገዛሁልህ ነው። ሮብሌም አየ። ተያየን። እሱ «ሁለት መቶ» አለ፣ እኔም ሁለት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በሩን ዘጋሁና በገዛ እጄ አሸግሁህ። እግዜር ከፈታት የምትላት መስኮት እውነት ነው፣ እግዜር ነው የከፈታት፤ ግን በእኔ ጣት ነው። ባቡሩ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አይቻለሁ። ሳልሰናበትህ ሄድኩ አትበል፤ እኔ ተሰናብቼሃለሁ።

ያየሁትን ሳልጽፍ የፈረምኩት ያኔ ብቻ ነው። ያላየሁትን የፈረምኩት ደግሞ ትናንት፤ ዘጠኝ መቶ፣ ተረክቤአለሁ ብዬ። ሁለቱንም ጊዜ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

አጎትህ ወልደ ማርያም፣ ቆጣሪው